የፒካፕ ጉልበትና የናፍጣ ወጪ፦ በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ የሚሠራውና የማይሠራው

ከለገሃር ተነሥቶ በቸርችል ጎዳና ሽቅብ ወደ ፒያሳ የሚወጣ፣ ከኋላውም ቤቶኔራ (የኮንክሪት ማቡኪያ) ወይም ተሳቢ ላይ የተጫነ ጄኔሬተር የሚጎትት ደብል ጋቢና ፒካፕ ያየ ሰው የዚህን ጽሑፍ ጥያቄ በዓይኑ አይቶታል። ሞተሩ ያጓራል፤ ከጭስ መውጫው ጥቁር ጭስ ይትጎለጎላል፤ ሹፌሩ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ይመልሳል፤ የሚጨምረው ግን ፍጥነቱ ሳይሆን ጩኸቱ ነው። መንግሥት ከሐምሌ 2014 ዓ.ም ጀምሮ የነዳጅ ድጎማን ደረጃ በደረጃ ማንሣት ከጀመረ፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ሙሉ በሙሉ ከውጭ የሚገባው ናፍጣ ዋጋው ደጋግሞ ስለጨመረ፣ እንዲህ ያለው ጉዞ የሚበላው ነዳጅ የሹፌሩ ብቻ ሳይሆን የባለንብረቱም ራስ ምታት ሆኗል።

ሱማሌ ተራን የመሰለ የመለዋወጫ ገበያ ውስጥ የሚዘዋወር ባለፒካፕ ታዲያ አንድ ዓረፍተ ነገር ደጋግሞ ይሰማል፦ «ይኼን ብታስገባ ጉልበት ይጨምራል፣ ነዳጅ ይቀንሳል።» አንዳንዱ ዕቃ ከሁለቱ አንዱን በእርግጥ ያደርጋል፤ ጥቂቱ ሁለቱንም በጥቂቱ ያደርጋል፤ ብዙው ደግሞ ከሻጩ ኪስ በቀር የሚጨምረው ነገር የለም። የትኛው የትኛው እንደሆነ ለመለየት መካኒክ መሆን አያስፈልግም፤ የመጎተት ጉልበት ከየት እንደሚመጣና ናፍጣው የት እንደሚሄድ ማወቅ ይበቃል።

«ጉልበት» ሲባል ምን ማለት ነው?

በአማርኛ «ጉልበት» የምንለው አንድ ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይሸፍናል፤ በሻጭና በገዢ መካከል የሚፈጠረው አለመግባባት ግማሹ የሚመነጨውም ከዚህ ነው። የመጀመሪያው ቶርክ የሚባለው የማዞር ኃይል ሲሆን በኒውተን ሜትር ይለካል። ሁለተኛው የፈረስ ጉልበት ሲሆን ሥራው ምን ያህል በፍጥነት እንደሚሠራ ይነግረናል። የፈረስ ጉልበት ማለት የማዞር ኃይሉ ሞተሩ በደቂቃ ከሚዞረው ዙር ጋር ሲባዛ የሚገኘው ነው።

ጎሚስታ ቤት ቆሞ ያየ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል። የጎማው ዳዶ ዝጎ አልፈታ ሲል ሠራተኛው በቁልፉ እጀታ ላይ ረጅም ቧንቧ ይሰካበታል። ክንዱ አልበረታም፤ ነገር ግን ያው ክንድ አሁን ዳዶውን ይፈታዋል። የሚከፍለው ዋጋ የቧንቧውን ጫፍ ረጅም መንገድ መግፋቱ ነው። የመኪና ማርሽም የሚሠራው ይኸንኑ ነው፦ በአንደኛ ማርሽ ሞተሩ ብዙ ዙር ይዞርና ጎማው ጥቂት ዙር፣ ነገር ግን በብርቱ ኃይል፣ ይዞራል። ስለዚህ ተሳቢን ከቆመበት ለማንቀሳቀስ ወሳኙ ቶርኩና ማርሹ ሲሆኑ፣ ያንኑ ተሳቢ ዳገት ላይ በምን ያህል ፍጥነት ይዞ መውጣት እንደሚቻል የሚወስነው የፈረስ ጉልበቱ ነው።

በቁጥር እንየው። 2 ቶን የሚመዝን ፒካፕ 2 ቶን የሚመዝን ተሳቢ ይጎትት እንበል። ደልዳላ አስፋልት ላይ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ለመሄድ የሚያስፈልገው 12 የፈረስ ጉልበት ገደማ ብቻ ነው። ይኸው መኪና በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር ከፍ በሚል ዳገት ላይ ያንኑ ፍጥነት ይዞ ለመውጣት ግን 70 የፈረስ ጉልበት ገደማ ይፈልጋል፤ ይህም ከሞተሩ እስከ ጎማው ባሉት ካምቢዮና ዲፈረንሻል የሚባክነውን ሳይጨምር ነው። ልዩነቱ ወደ ስድስት እጥፍ ይጠጋል። ደልዳላ ላይ ምንም የማይመስለው ጭነት ዳገት ላይ ሞተሩን የሚያስጨንቀው ለዚህ ነው፤ ጭነቱ አልተለወጠም፣ ወደ ላይ መነሣቱ ነው የተጨመረው።

አዲስ አበባ ለሞተር ለምን ትከብደዋለች?

ሞተር የሚኖረው በናፍጣ ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ የናፍጣ ጠብታ ተቃጥሎ ለማለቅ ኦክስጅን ይፈልጋል፤ ኦክስጅኑ ደግሞ ከአየር ነው የሚመጣው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ ስለምትገኝ አየሯ ሳስቷል፤ በአንድ ሊትር አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር በአንድ አራተኛ ገደማ ያንሳል። ይህን ማንም በማድቤቱ ሊያየው ይችላል፦ ጅቡቲ ወደብ ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ አዲስ አበባ ውስጥ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ምክንያቱም ከላይ የሚጫነው አየር ቀሏል።

ቱርቦ (አየር አምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው የናፍጣ ሞተር የሚያገኘው አየር በገዛ ትንፋሹ የሳበውን ያህል ብቻ ነው። የዚህ ዓይነት ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ 10 በመቶ ገደማ ያጣል። ለምሳሌ በአሮጌዎቹ የላንድክሩዘር ፒካፖች ላይ የምናውቀው፣ ባለስድስት ሲሊንደሩና 4.2 ሊትሩ ሞተር በፋብሪካ ወረቀቱ 130 የፈረስ ጉልበት ገደማ አለው፤ እዚህ ከተማ ውስጥ ግን በእጁ የሚቀረው 100 ገደማ ነው። እንጦጦ አናት ላይ ደግሞ ከዚያም ይወርዳል። ባለንብረቱ «ሞተሩ ደከመ» ብሎ ጋራዥ ይወስደዋል፤ ሞተሩ ግን ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ተራራ ላይ ሲሮጥ ትንፋሽ ያጠረውን ሰው ልብ ሕመምተኛ ነው እንደማለት ነው።

ቱርቦ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ቱርቦ ማለት በሁለት ጎን ያለ ትንሽ ማራገቢያ ነው፤ አንደኛው ጎን በሚወጣው ጭስ ግፊት ይዞራል፣ ሌላኛው ጎን በዚያው ኃይል ንጹሕ አየር አምቆ ወደ ሞተሩ ያስገባል። ጭሱ በከንቱ ሊወጣ የነበረ ኃይል ስለሆነ፣ ነገሩ ቋንጣ ሰቅሎ በእሳቱ ሙቀት እንደማድረቅ ያለ ቁጠባ ነው። አየሩ ሲሳሳ ቱርቦው ፈጥኖ በመዞር ጉድለቱን በአብዛኛው ይሞላዋል። በአዲሶቹ ሃይሉክሶች ላይ ያለው 2.4 ሊትር ቱርቦ ናፍጣ እስከ 400 ኒውተን ሜትር ቶርክ ሲያወጣ፣ በመጠን እጥፍ ሊደርስ ጥቂት የቀረው የላንድክሩዘሩ 4.2 ሊትር 285 ብቻ የሚያወጣው፣ ልዩነቱም አዲስ አበባ ሲደርስ ጭራሽ የሚሰፋው ለዚህ ነው።

ቱርቦ አንድ ድክመት አለበት፤ ጭስ በበቂ ሁኔታ እስኪመጣለት ድረስ አይነቃም። ከዳገት መካከል፣ መብራት ላይ ቆሞ የነበረ ተሳቢ ያለው ፒካፕ ሲነሣ፣ ለአንድ ሁለት ሰከንድ ቱርቦው ገና ስላልነቃ ትንሹ ሞተር በሳሳው አየር ብቻውን ይታገላል። ሹፌሮች በዚያች ቅጽበት ፍሪሲዮን በግማሽ ይዘው ሞተሩን ያስጮሁታል፤ የተቃጠለ ሸራ ሽታም ጋቢናው ውስጥ ይገባል። ባለአራት ጎማ ጎታች ፒካፕ ከሆነና መሬቱ የሚያንሸራትት ከሆነ ዝቅተኛውን የ4 በ4 ማርሽ አስገብቶ መነሣት ፍሪሲዮኑን ያድነዋል። ደረቅ አስፋልት ላይ ግን፣ በተለይ መታጠፊያ ካለበት፣ የፊትና የኋላ ጎማዎችን አንድ ላይ የሚያስር 4 በ4 መጠቀም የማስተላለፊያ አካላቱን ያስጨንቃል።

ጉልበት መጨመርና ነዳጅ መቀነስ አብረው ይሄዳሉ?

አንድ ሊትር ናፍጣ በውስጡ 36 ሜጋ ጁል ገደማ ኃይል ይዟል። ከዚህ ውስጥ ጎማ ጋ የሚደርሰው፣ ነገሮች ሲመቻቹ፣ ሲሶው አካባቢ ነው፤ የቀረው በራዲያተር፣ በጭስና በሰበቃ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ስለዚህ ሁለቱ ምኞቶች አብረው የሚሳኩበት አንድ በር ብቻ ነው ያለው፦ የሚባክነውን መቀነስ። ከዚያ ውጭ ያለ የጉልበት ጭማሪ ሁሉ የሚመጣው ተጨማሪ ናፍጣ በማቃጠል ነው።

ጥቁር ጭስ የብክነቱ ግልጽ ምልክት ነው። ጭሱ ኦክስጅን አጥሮት ሳይቃጠል የወጣ ናፍጣ ነው፤ ማለትም ባለንብረቱ ከማደያ ገዝቶ አየር ላይ የበተነው ገንዘብ ነው። ቱርቦ በሌላቸው አሮጌ ሞተሮች ላይ የናፍጣ ፓምፑ ለባሕር ጠለል አየር ተስተካክሎ ከመጣ፣ አዲስ አበባ ላይ ለሳሳው አየር የማይመጥን ናፍጣ ይረጫል። አንዳንድ ፓምፖች ከፍታውን የሚያስተካክል መሣሪያ አላቸው፤ ሌሎቹን ፓምፕ የሚሠራ ባለሙያ በመለኪያ ማስተካከል ይችላል። በተግባር ግን ብዙ ጊዜ የሚደረገው ተቃራኒው ነው፦ «ደከመ» የተባለው መኪና ጋራዥ ሲገባ የፓምፑ ብሎን ናፍጣ እንዲጨምር ይጠበቃል፤ መኪናው ለጊዜው የነቃ ይመስላል፣ ጭሱ ይጠቁራል፣ የጭሱ ሙቀት ይጨምራል፣ ከወራት በኋላም የፒስተንና የቴስታ (የሞተሩ የላይኛ ክዳን) ጉዳት ይመጣል።

ከዚህ በተቃራኒ ያለ ብዙ ወጪ የባከነውን የሚመልሱ ሥራዎች አሉ፤ የሚያሳዝነው ማራኪ አለመሆናቸው ነው። ከተማው መሐል ላይ በፈረሳና በግንባታ ከሚነሣው አቧራ የተነሣ የታፈነ የአየር ማጣሪያ፣ ቀድሞውኑ የሳሳውን አየር ይበልጥ ያሳጥራል። ማጣሪያውን በኮምፕሬሰር መንፋት የተለመደ ቢሆንም፣ ብርቱ ንፋስ ወረቀቱን ሊበሳውና አቧራውን በቀጥታ ወደ ሞተሩ ሊያስገባው ስለሚችል፣ ከውስጥ ወደ ውጭ በለዘበ ግፊት ካልሆነ በቀር ባይነፋ ይሻላል። ናፍጣውን እንደ ጉም በትኖ መርጨት የሚገባው ኢንጀክተር ሲያረጅ ማንጠባጠብ ይጀምራል። ከቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚሄደው የጎማ ቱቦ ሲሰነጠቅ የታመቀው አየር በመንገድ ያመልጣል፤ ቱቦው በጥቂት ገንዘብ የሚለወጥ ሲሆን፣ ሳይታይ ቀርቶ ቱርቦው ሳያጠፋ የሚቀየርበት ጊዜ አለ። የያዘ ፍሬን ደግሞ ተሳቢ ሳይኖር ተሳቢ እንደመጎተት ነው፤ ከአጭር ጉዞ በኋላ እጅን ወደየጎማው ቸርኬ ጠጋ አድርጎ አንዱ ከሌላው በላይ መጋሉን ማወቅ ይቻላል።

በአዲሶቹ መኪኖች ላይ የሚደረገው «ቺፕ» የተባለው ሥራ የሞተሩን ኮምፒውተር ትእዛዝ መለወጥ ነው፦ ናፍጣው እንዲጨምር፣ ቱርቦውም የበለጠ እንዲያምቅ። ይህ በቱርቦ ናፍጣ ሞተር ላይ ቶርክን በእርግጥ ይጨምራል፤ የሚካድ አይደለም። ቶርኩ በዝቅተኛ ዙር ስለሚጨምር ሹፌሩ ቀድሞ ወደ ላይኛው ማርሽ መግባት ይችላል፤ እግሩን ከሰበሰበ በቀላል ጉዞ ላይ ጥቂት ነዳጅ ሊቆጥብ ይችላል። ነገር ግን አዲሱን ጉልበት ባወጣው ቁጥር ናፍጣውን ይከፍልበታል፤ ተሳቢ የሚጎትት ሰው ደግሞ ጉልበቱን የሚያወጣው ሁልጊዜ ነው። ቱርቦ ለሌለው ሞተር ኋላ ቱርቦ መግጠምም የሚቻል ነው፤ ሆኖም እንዲህ ያለው ሞተር አየር በብርቱ የሚያምቅ ሆኖ ስለተሠራ፣ ፒስተኑና ማቀዝቀዣው ለተጨማሪ ሙቀት ስላልታሰቡ፣ ጭማሪው መጠነኛ መሆን አለበት።

ሞተሩ ከበረታ መኪናው ብዙ መጎተት ይችላል ማለት ነው?

አይደለም። ከሁሉም በላይ የሚሳሳቱበት ነጥብ ይህ ስለሆነ ጥቂት እንቆይበት። ፋብሪካው «ይህን ያህል ይጎትታል» ብሎ የሚጽፈው ቁጥር የሞተሩ ቁጥር አይደለም፤ የሻንሲው፣ የፍሬኑ፣ የኋላ አክሱ፣ የማቀዝቀዣውና የመጎተቻ መንጠቆው የጋራ ወሰን ነው። በብዙ ገበያዎች አዳዲስ ደብል ጋቢና ፒካፖች የራሱ ፍሬን ላለው ተሳቢ እስከ 3,500 ኪሎ፣ ፍሬን ለሌለው ተሳቢ ግን 750 ኪሎ ብቻ ይፈቀድላቸዋል። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ሁሉንም ይናገራል፤ ሞተሩ በሁለቱም ያው ነው፣ የተለየው ማን ያቆመዋል የሚለው ነው። በከተማችን ቤቶኔራና የውሃ ታንከር የሚጎትቱ ተሳቢዎች ብዙዎቹ በየብየዳ ቤቱ የተሠሩ፣ ፍሬን የሌላቸው ናቸው።

ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ መውረድን እናስብ። የቁልቁለቱ የከፍታ ልዩነት ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። በአጠቃላይ 4 ቶን የሚመዝን ፒካፕና ተሳቢ 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ኃይል፣ ሁሉም በፍሬን ቢያዝ፣ ከ120 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ወደ መፍላት ለማድረስ የሚበቃ ሙቀት ነው። የፍሬን ሸራ ይህን ሁሉ ተሸክሞ ከተወሰነ ሙቀት ሲያልፍ መያዙን ያቆማል፤ ፔዳሉ ይረገጣል፣ መኪናው ግን አይሰማም። ሥራውን ሞተሩ እንዲካፈል ማድረግ፣ ማለትም ዳገቱ በሚወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን መውረድ፣ የሚበጀው ለዚህ ነው። ቺፕ የተደረገ ሞተር እዚህ ላይ ምንም አይጨምርም።

ሁለተኛው ነገር የጭነት አደላደል ነው፤ ይህን ባለጋሪ ከኢንጂነር ባልተናነሰ ያውቀዋል። ጋሪው ወደ ኋላ ከተጫነ እጀታው ወደ ላይ ተነሥቶ ፈረሱን በሆዱ ሊያንጠለጥለው ይደርሳል፤ ወደ ፊት ከበዛ ደግሞ የፈረሱን ጀርባ ይሰብራል። ተሳቢም እንዲሁ ነው። ከተሳቢው ክብደት 10 በመቶ ገደማ በመጎተቻ መንጠቆው ላይ ማረፍ አለበት። ከዚያ ሲያንስ ተሳቢው በፍጥነት ላይ ግራና ቀኝ መወዝወዝ ይጀምራል፤ ከመጠን ሲያልፍ የፒካፑ ኋላ ይዘቀዝቅና የፊት ጎማዎቹ ቀልለው መሪው ይላላል። የኋላ ባሌስትራ (ክብደቱን የሚሸከመው የብረት ሉህ ሞላ) ላይ ተጨማሪ ሉህ ማስገባት መዝቀዝቀዙን ይደብቃል እንጂ ክብደቱን ከአክሱ ላይ አያነሣም።

ሦስተኛው ማቀዝቀዣው ነው። ውሃ እዚህ በ92 ዲግሪ እንደሚፈላ ከላይ ተነግሯል፤ የሞተር የሥራ ሙቀት ደግሞ በዚያው አካባቢ ነው። ታዲያ ራዲያተሩ የማይፈላው ለምንድን ነው? ክዳኑ ግፊት አምቆ ስለሚይዝ የመፍያው ነጥብ ከ110 ዲግሪ በላይ ስለሚወጣ ነው። ክዳኑ ያረጀና ግፊት የማይዝ ከሆነ ግን፣ ተሳቢ ይዞ ዳገት የሚወጣ መኪና ውሃውን ለማፍላት ብዙ አይቀረውም። ይህ ክዳን ከጠቅላላው ዝርዝር ርካሹ ዕቃ ሳይሆን አይቀርም።

ትልልቅ ጎማ ማስገባትስ?

መልክ ያሳምራል፤ ለተቀረው ግን ይጎዳል። ከጎሚስታው ቧንቧ አንጻር ትልቅ ጎማ ማለት ቧንቧውን ማሳጠር ነው። 265/65 በ17 ቸርኬ የሆነውን ጎማ አውጥቶ 285/70 በ17 ያስገባ ሰው የጎማውን ቁመት በ7 በመቶ ጨምሯል፤ ስለዚህ በየማርሹ መንገዱን የሚገፋው ኃይል ያንኑ ያህል ቀንሷል። ኪሎ ሜትር ቆጣሪውም ይዋሻል፦ 100 ሲል የተሄደው 107 ነው። በተቃራኒው የጎማ ነፋስ መጉደል ጎማው በየዙሩ እንዲተጣጠፍና እንዲግል ያደርገዋል፤ ይህ በጭነት ላይ ናፍጣ ይበላል፣ ጎማም ያፈነዳል። በሹፌሩ በር መቃን ላይ የተለጠፈው ወረቀት ባዶና ጭነት ሲሆን ስንት እንደሚሞላ ለይቶ የሚያሳይባቸው መኪኖች አሉ፤ ጎሚስታው በልማድ ከሚሞላው ይልቅ እሱን ማመን ይገባል።

በከተማው መሐል ናፍጣው የሚያልቀው በምንድን ነው?

በመቆምና በመነሣት ነው። 2 ቶን የሚመዝን ፒካፕ ከቆመበት ተነሥቶ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲደርስ የወሰደውን ኃይል፣ ፍሬን በተረገጠ ቁጥር ሙቀት አድርጎ ይበትነዋል። በዚህ ስሌት ከ80 እስከ 90 ጊዜ እንዲህ ተነሥቶ መቆም አንድ ሊትር ናፍጣ ይጨርሳል፤ 2 ቶን ተሳቢ ሲጨመር 40 ጊዜ ገደማ ይበቃል። ከሜክሲኮ በለገሃር አድርጎ ካዛንቺስ ለመድረስ በሥራ መውጫ ሰዓት ስንት ጊዜ እንደሚቆም ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። ከሩቅ ቀዩን መብራት አይቶ እግርን ቀድሞ ማንሣት ከማንኛውም የሚገጠም ዕቃ የበለጠ የሚቆጥበው፣ ያ ኃይል በፍሬን ሳይበተን እንዲያገለግል ስለሚያደርግ ነው። ቆሞ የሚሠራ ሞተርም በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ያህል ያቃጥላል።

ክብደትም በዚሁ መንገድ ያስከፍላል። ካሶኒው ላይ ከርሞ የተረሳ የብረት ቁርጥራጭና የሲሚንቶ ከረጢት በየመብራቱ አብሮ ይነሣል፣ በየዳገቱም አብሮ ይወጣል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ 4 ቶን 1,000 ሜትር ወደ ላይ ለማንሣት ብቻ 3.6 ሊትር ገደማ ናፍጣ ይጠይቃል፤ ሌላውን ሁሉ ሳይጨምር።

በአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ ግን ዋናው ተቃዋሚ አየር ነው። የአየር ግፊት ከፍጥነት ጋር በእጥፍ ድርብ ያድጋል፤ ከ80 ወደ 100 ኪሎ ሜትር ሲኬድ ፍጥነቱ በሩብ ጨምሮ የአየሩ ተቃውሞ ከግማሽ በላይ ይጨምራል። ባዶ ፖርቶመጋላ (ጣሪያ ላይ ያለ የዕቃ መጫኛ) እዚህ ላይ ያስከፍላል፤ ከፒካፑ በላይ ከፍ ያለ ተሳቢማ ይበልጥ። የከፍታችን አንዲት ቸርነት እዚህ ላይ አለች፦ ሞተሩን ያስቸገረው የሳሳ አየር መኪናውንም የሚገፋው በሳሳ ኃይል ነው። የኋላ ስፖንዳውን አውርዶ መንዳት አየሩን ያሳልፈዋል የሚለው ግምት ግን ትክክል አይደለም፤ ስፖንዳው ሲዘጋ በካሶኒው ውስጥ የሚሽከረከር አየር ተይዞ ስለሚቀር፣ የሚያልፈው ነፋስ በላዩ ላይ እየተንሸራተተ ይሄዳል።

ሌላው የተለመደ ስሕተት ቁልቁለት ላይ ዜሮ ማርሽ አድርጎ መንሸራተት ነው። ሹፌሩ ቆጠብኩ ይላል፤ ነገር ግን ዘመናዊ ሞተር ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግር ከነዳጅ ሲነሣ የናፍጣውን ርጭት ጭራሽ ያቋርጣል፤ ጎማዎቹ ራሳቸው ሞተሩን ያዞሩታል። በዜሮ ማርሽ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ናፍጣ መርጨት ይኖርበታል። የሚንሸራተተው መኪና ነዳጅ እየከፈለ የሞተሩን ፍሬን ያጣል ማለት ነው።

በነዳጅ ቱቦ ላይ የሚታሰር ማግኔት፣ ታንከር ውስጥ የሚጣል ክኒንስ?

ይህን በአጭሩ እንለፈው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ነዳጅ ይቆጥባሉ የተባሉ ከ100 በላይ መሣሪያዎችን ፈትኖ፣ የነዳጅ ፍጆታን በጉልህ የቀነሰ አላገኘም። ናፍጣ በማግኔት አይሳብም።

ለውጥ መኖሩ በምን ይታወቃል?

በስሜት አይታወቅም፤ አዲስ ዕቃ የገጠመ ሰው ለሳምንት ያህል እግሩን ሰብስቦ ስለሚነዳ ዕቃው የሠራ ይመስለዋል። መለካት የሚቻለው ታንከሩን ሞልቶ ኪሎ ሜትሩን መጻፍ፣ ከተነዳ በኋላ በዚያው ማደያ፣ በዚያው ፓምፕ እንደገና እስኪሞላ መቅዳትና የተሄደውን ኪሎ ሜትር በተቀዳው ሊትር ማካፈል ነው። 558 ኪሎ ሜትር ተሄዶ 62 ሊትር ከተቀዳ፣ መኪናው በሊትር 9 ኪሎ ሜትር ሄዷል። አንድ ጊዜ መለካት አይበቃም፤ ቀጂው አንዴ አፉን፣ አንዴ አንገቱን ስለሚሞላ የጥቂት ሊትር ስሕተት ይገባል፤ ሦስት አራት ሙሊት ደምሮ ማካፈል ስሕተቱን ያሟሟዋል። ተሳቢ የተጎተተበትንና ያልተጎተተበትን ቀን ለየብቻ መጻፍም ያስፈልጋል፤ አለዚያ የተለካው ዕቃው ሳይሆን የሳምንቱ ሥራ ይሆናል። ጎማ የቀየረ ሰው ደግሞ ቆጣሪው ያሳየውን ኪሎ ሜትር ከማካፈሉ በፊት በጎማው ልዩነት ማስተካከል አለበት። ከላይ በተጠቀሰው የ7 በመቶ ምሳሌ፣ በእውነት 450 ኪሎ ሜትር የሄደ መኪና ቆጣሪው ላይ 421 ብቻ ያሳያል፤ 50 ሊትር ቢቀዳ ባለቤቱ «በሊትር ከ9 ወደ 8.4 ወረደብኝ» ብሎ ኢንጀክተር ሊያስፈታ ጋራዥ ይሄዳል።